ቢጫው ወፍ የወፍ በሽታ ይዞት ነው ወይስ ድሮም እንዲህ ነበር?

ቤቲ ከፍራንኮ

ሰላም ናችሁ የአዳማ ልጆች። ጥያቄዬ የልጅ ነገር ነው፣ ሳቁብኝ ግን መልሱልኝ።

እህቴ ከሆላንድ ለክረምት መጥታለች። የስድስት ዓመት ልጅ አላት። አማርኛ ይችላል፣ ሲናደድ ብቻ ነው ወደ ደችኛ የሚገባው። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ከቦንዳ ክምር ሥር አንድ ቢጫ የጨርቅ ወፍ ጎትቼ አወጣሁለት። አንገቱ ረጅም ነው፣ እግሩ ላይ ቀለበት ቀለበት መስመር አለው፣ አንድ ዓይኑ ወልቋል። ሻጩ 200 አለኝ፣ በ120 ተስማማን። እውነቱን ለመናገር ለልጁ ብዬ ሳይሆን ለራሴ ነው የገዛሁት። እኛ ቤት ያ ወፍ ትልቅ ሰው ነበር። አጎታችን ከአሜሪካ በሰው እጅ የላከው የሰሳሚ ስትሪት ቪዲዮ ካሴት ነበረን። እንግሊዝኛው አንድ ቃል ሳይገባን ካሴቱ እስኪበጠስ አየነው። የሚገርመው ከአሜሪካ የመጣ ካሴት እኛ ዴክ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይጠፋል፣ ምስሉም ወደ ላይ ወደ ላይ ይሸሻል፣ አባቴ ዴኩን በጥፊ ሲለው ትንሽ ይረጋጋል። ስለዚህ ቢጫ መሆኑን የማውቀው ከካርቶኑ ላይ ነው።

ልጁ ወፉን ተቀበለኝ። አገላብጦ አየው። ፊቱ ተለዋወጠ። "ፒኖ ምን ሆኖ ነው ቢጫ የሆነው? አሞታል?" አለኝ። እናቴ ቡና እየቆላች ዞር እንኳ ሳትል "የወፍ በሽታ ይዞት ነዋ የኔ ጌታ" አለችው። ለቀልድ ነው ያለችው። ልጁ ግን አመናት። ወፉን ብርድ ልብስ አልብሶ ሲያስታምመው አመሸ።

እህቴን ስጠይቃት "እዛ እኮ ሰማያዊ ነው፣ ስሙም ፒኖ ነው" አለችኝ። እኔ የማውቀው ስም የለውም፣ ትልቁ ወፍ ነው፣ ቢጫ ነው፣ አለቀ። እና ልጁን እኔ ነኝ የዋሸሁት ወይስ እነሱ? እናንተስ የኛ ነው ብላችሁ ያደጋችሁበት የልጅነት ቲቪ ገጸ ባህሪ፣ በኋላ ሌላ አገር ሌላ ስምና ሌላ መልክ ይዞ ያገኛችሁት አለ?


ታዴ ላይብረሪ

ቤቲዬ ማንም አልዋሸም። ቢጫው ትልቁ ወፍ ነው፣ ሰማያዊው ፒኖ ደግሞ የአጎቱ ልጅ ነው። ቀልዴን አይደለም፣ ዝምድናቸው እንደዛ ተብሎ ነው የተሠራው።

ሰሳሚ ስትሪት አሜሪካ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ጆአን ጋንዝ ኩኒ የምትባል ሴትና ሎይድ ሞሪሴት ናቸው ያሰቡት፣ አሻንጉሊቶቹ የጂም ሄንሰን እጅ ሥራ ናቸው። ልጅ የሳሙና ማስታወቂያ ዘፈን በአንድ ቀን የሚይዝ ከሆነ ፊደልና ቁጥርስ በዚያው መንገድ ለምን አይዝም? አሉ። በቃ ይኸው ነው ሐሳቡ። ወፉ ውስጥ ሰው አለ። ካሮል ስፒኒ የሚባል ሰውዬ ከ1969 እስከ 2018 ድረስ እሱን ሆኖ ሠርቷል። አንድ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ነው የወፉን ራስ የሚያንቀሳቅሰው። የት እንደሚሄድ ስለማያይ ደረቱ ላይ የታሰረች ትንሽ ስክሪን ነበረችው። እስቲ አንድ እጃችሁን ሰቅላችሁ አምስት ደቂቃ ቁሙ።

ከዚያ ሌሎች አገሮች "ለኛም" ብለው መጡ፣ ነገሩ የሚጥመው እዚህ ጋ ነው። ዝም ብለው አልተረጎሙትም። ሜክሲኮና ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1972 የየራሳቸውን አወጡ፣ ጀርመን በ1973፣ ሆላንድ በ1976። መምህራንና የልጆች ባለሙያዎች ተሰብስበው "የኛ ልጆች ምን ያስፈልጋቸዋል?" ብለው ይነጋገራሉ፣ ከአሜሪካው የሚሆናቸውን ቆርጠው በራሳቸው ቋንቋ ያስገቡታል፣ የቀረውን እዛው በራሳቸው መንደር ይቀርጻሉ። ታዲያ ሁሉም መንደር አንድ ግዙፍ ፍጡር አቆመ። የሆላንዱ ሰማያዊ ሆነ። የሜክሲኮው አቤላርዶ አረንጓዴ በቀቀን ነው። ጀርመኖች ወፉን ትተው ሳምሶን የሚባል ድብ አመጡ። ኩዌት ላይ በ1979 በዐረብኛ የተጀመረው ደግሞ ኑዕማን የሚባል ጸጉራም ነበረው።

ሁሉም ቦታ በእልልታ አልተቀበሉትም። የባቫሪያ ቴሌቪዥን መጀመሪያ አላሳይም ብሎ ነበር። አሜሪካ ራሷ ውስጥ፣ ሚሲሲፒ፣ ጥቁርና ነጭ አብረው ስለሚታዩበት ብቻ በ1970 ለጥቂት ሳምንታት ታግዷል። ቁጥር የሚያስቆጥር አሻንጉሊት ፈርተው!

ለልጁ "ቢጫው የፒኖ ዘመድ ነው፣ ለክረምት አዳማ መጥቶ ነው" በይው። እሱም የመጣው ዘመድ ጥየቃ ስለሆነ ይገባዋል።

እኔን የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው። ሰሳሚ ማለት ሰሊጥ ነው። ስሙ ከዓሊ ባባ ተረት "ሰሊጥ ሆይ ክፈት" ከሚለው የመጣ ነው። የሁመራን ሰሊጥ ለዓለም የምንሸጥ እኛ፣ የሰሊጥ መንደር የሌለን እኛ።


ሳሚ ዲሽ

ታዴ እንዳንተ አላነበብኩም፣ ግን ከጣራ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከ15 ዓመት በላይ ዲሽ ሠርቻለሁ፣ የአዳማን ጣራ ከድመት እኩል ነው የማውቀው። ያኔ ሰው ዲሽ ሲያስገባ አባትየው ኳስና ዜና ይለኛል፣ እናትየው የዐረብ ድራማ፣ ልጆቹ ደግሞ መሰላሉ ሥር ቆመው በሹክሹክታ "ኤምቢሲ ስሪ ይገባል? ስፔስቱንስ?" አባትየው አያውቅም እንጂ ብሩን የከፈለው ለነሱ ነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ "ሪሞቱን አጣሁት" ብሎ ይደውልልኛል። እኔ ምን ላድርገው?

የኔ ታሪክ ካፒቴን ማጂድ ነው። ኳስ ተጫዋቹ ልጅ። ሜዳው አያልቅም። ከመሀል ተነስቶ ጎሉ ጋ እስኪደርስ ሁለትና ሦስት ክፍል ይፈጃል፣ ኳሷን መትቶ አየር ላይ ይተዋትና ያለፈ ሕይወቱን በሙሉ አስታውሶ ይመለሳል። እኔ ጎረምሳ እስክሆን ድረስ ማጂድ የሳዑዲ ወይ የኢራቅ ልጅ መስሎኝ ነው የኖርኩት። ስሙ ማጂድ፣ ቋንቋው ዐረብኛ፣ ሌላ ምን ልበል? አንድ ቀን ደንበኛ ቤት የጣሊያን ጣቢያ ስፈልግ ያው ልጅ፣ ያው ማሊያ፣ ያው ሩጫ! ግን "ሆሊ" ነው የሚሉት። መሰላል ላይ ብሆን ኖሮ ወድቄ ነበር። ስፔን ደግሞ ኦሊቨር ነው አሉኝ። ለካ ጃፓናዊ ነው። ጹባሳ ይባላል። ዮኢቺ ታካሃሺ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1981 በሥዕል ታሪክ ጀመረው፣ በ1983 ቲቪ ላይ ወጣ።

የበለጠ የገረመኝ ይኼ ነው። በ2004 ኢራቅ ሰማዋ የሚባል ከተማ የነበሩ የጃፓን ወታደሮች ውሃ የሚያድሉበት ቦቴ ላይ የማጂድን ሥዕል ለጥፈው ነበር። ሕዝቡ ያውቀዋላ። የራሳቸውን ልጅ ሰዎቹ ልጃችን ነው ብለው ወዳሳደጉት አገር መልሰው ይዘውት ሄዱ።

ሌላ ደግሞ፣ የጎረቤታችን ልጅ ዐረብኛ የተማረችው ከነዚሁ ካርቱኖች ነው። ማንም አላስተማራትም። ቤይሩት ሥራ ስትገባ አሠሪዎቿ አፏን በከፈተች ቁጥር ይስቁባታል። ለካ ካርቱኑ የመጽሐፍ ዐረብኛ ነው፣ ሰፈር ውስጥ እንደዛ የሚያወራ የለም። "ሽንኩርት ስጪኝ" ለማለት እንደ ዜና አንባቢ ነበር የምትናገረው።


ቡቹ ናዝሬት

ማጂድ ኳሷን ሲመታ ወጥቼ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ገና አየር ላይ ነበረች። ሃሃሃ።


ጋሽ መኮ

ልጆቼ፣ የእናንተ ዕድሜ አይደለሁም፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ልግባ።

በደርግ ጊዜ ለሙያ ትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ከተላኩት አንዱ ነኝ። ማደሪያችን ውስጥ አንድ ቲቪ ነበር፣ ለአርባ ሰው። ማታ በእኛ አቆጣጠር 12:50 ሲል ዛንድመንሽን የሚሉት አሻንጉሊት ይመጣል። ሹል ነጭ ጢም ያለው ትንሽ ሰው ነው። አንድ ቀን በመኪና፣ አንድ ቀን በሄሊኮፕተር፣ አንድ ቀን በጠፈር መንኮራኩር ነው አመጣጡ። አጭር ተረት ያሳይና በመጨረሻ ከከረጢቱ አሸዋ ይበትናል፣ ልጆች ዓይናቸውን እያሹ ይተኛሉ። ሃያ፣ ሃያ አምስት ዓመት የሞላን ጎረምሶች ወንበር ተሻምተን ነበር የምናየው። ለምን ብትሉ ጀርመንኛው ቀስ ያለ ነው። መምህራችን የሚያስተምረን የማሽን ክፍሎችን ነው። "ደህና እደሩ"ን፣ "ጥርስህን ቦርሽ"ን ያስተማረኝ እሱ ጢማሙ ነው።

ታሪኩን በኋላ ነው የሰማሁት። ምዕራብ ጀርመኖች እንዲህ ያለ ዝግጅት ሊጀምሩ መሆኑን ምሥራቆቹ ሰሙና ቀደሟቸው። የምሥራቁ ኖቬምበር 22 ቀን 1959 ወጣ፣ የምዕራቡ ዲሴምበር 1። ዘጠኝ ቀን። የበርሊን ግንብ ገና ሳይሠራ አሻንጉሊቱ ለሁለት ተከፍሏል ማለት ነው። የመጀመሪያው ጀርመናዊ የጠፈር ተጓዥ ዚግሙንድ ዬን በ1978 ወደ ጠፈር ሲወጣ የምሥራቁን ይዞት ሄደ። ከዚያ ግንቡ ፈረሰ፣ ገንዘቡ ተለወጠ፣ የተማርኩበት ፋብሪካ ተዘጋ፣ አገሩ ራሱ ከካርታ ላይ ጠፋ። ጢማሙ ግን አለ። የተቋረጠው የምዕራቡ ነው። እስከ ዛሬ የመላው ጀርመን ልጆች የሚተኙት በምሥራቁ አሸዋ ነው።

ስመለስ አሻንጉሊቱን ለልጄ ገዝቼ መጣሁ። ሻንጣ ውስጥ ቦታ አጥቼ ሁለት ሸሚዝ ጥዬ ነው ያመጣሁት። "ጢም ያለው ሕፃን ያስፈራል" ብላ አልተጠጋችውም። ለእሷ ጢም የሚያምረው አባባ ተስፋዬ ላይ ብቻ ነው።


ትዕግስት ቀበሌ 04

ጋሼ አባባ ተስፋዬን አነሱብኝ፣ እንግዲህ ዝም ማለት አልችልም።

ሰፈራችን ውስጥ ቲቪ ያለው ቤት አንድ ነበር፣ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ቤት። ሚስትየው ደግ ናቸው፣ ሕጋቸው ግን ጥብቅ ነው። እግር ሳይታጠቡ መግባት የለም። በር ላይ ጣሳ ሙሉ ውሃ ይቀመጣል። ሃያ ልጅ በአንድ ጣሳ። መጨረሻ የደረሰ ልጅ እግሩ ላይ የሚያፈሰው ውሃ ሳይሆን ጭቃ ነው፣ ቢሆንም ታጥቧል ተብሎ ይገባል። ቲቪው መዝጊያ ባለው ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፣ ከላዩ ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። እሳቸው ቁልፉን ከመቀነታቸው ሲፈቱ ትንፋሽ አይሰማም። አንድ ልጅ ጣራ ላይ ነው፣ አንቴና ያዞራል። "አሁንስ?" ይላል። "ትንሽ! ትንሽ! ተወው! እንዳትነካው!" እንጮሃለን። ያ ልጅ አንድም ቀን ዝግጅቱን ያየ አይመስለኝም። ዛሬ ሾፌር ነው፣ ባገኘሁት ቁጥር "አሁንስ?" እለዋለሁ።

"ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች" ሲሉ ሃያችንም በአንድ ድምፅ "ጤና ይስጥልኝ!" እንላለን። ይሰሙናል ብለን ነዋ። ቤቲ፣ ለጥያቄሽ የኔ መልስ እሳቸው ናቸው። ቴሌቪዥኑ በ1957 ዓ.ም. ሲከፈት ጀምሮ እስከ 1998 ድረስ፣ 42 ዓመት ገደማ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ። የኔ አባትም ልጅ ሆኖ ቢያይ እሳቸውን ነው፣ እኔም እሳቸውን ነው። ልጆች ፊት አንዴ ጅብ ናቸው አንዴ አሮጊት። መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት ባልነበረችበት ዘመን ቴአትር ላይ ሴት ሆነው የሠሩ ሰው እኮ ናቸው፣ ከቃኘው ሻለቃ ጋርም ኮሪያ ዘምተዋል። ማንም አገር ቀለሙን ቀይሮ ሊወስደው የሚችል አሻንጉሊት አልነበሩም። ሐምሌ 2009 ማረፋቸውን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ ያቺ ጣሳ ናት።


ጫልቱ ኤም

ትዕግስት ጣሳሽን አውቀዋለሁ፣ እኛ ሰፈር ጆግ ነበር።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። የኛ ቤት ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። የአያቴ አማርኛ "ና፣ ሂድ፣ ስንት ነው" ላይ ያበቃል። አባባ ተስፋዬ ተረት ሲጀምሩ እኔ ከእግሯ ሥር ቁጭ ብዬ እተረጉምላታለሁ። ችግሩ ዝም ብላ አትሰማም። ጅቡ ሲመጣ "እሱ ጅብ አይደለም፣ ቀበሮ ነው፣ ይኼ የኛ ተረት ነው፣ አበላሽተውታል" ትልና ከመሀል ተቀብላ ራሷ ትቀጥለዋለች። ቲቪው በዚህ ያወራል፣ አያቴ በዚያ ታወራለች። እኛ ቤት እያንዳንዱ ተረት ሁለት መጨረሻ ነበረው። በማግስቱ ትምህርት ቤት ልጆች ሲያወሩ እኔ የአያቴን መጨረሻ እናገርና "አላየሽም፣ ውሸታም" እባላለሁ። አይቻለሁ! ቅጂው ሌላ ነው እንጂ።

ታዴ መምህራንና ባለሙያዎች ተሰብስበው ለልጆቻቸው እንዲስማማ ያደርጉታል ያልከውን እኛ ቤት አንዲት አሮጊት ነጠላዋን ተከናንባ ብቻዋን ነው የሠራችው። አሁን ልጄ ፀሐይ የምትባለውን የልጆች ዝግጅት በኦሮምኛ ስታይ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ የምሠራው የለኝም። ደስ ይለኛል፣ ትንሽ ደግሞ ይከፋኛል። ይኼን የሚረዳኝ ካለ ይንገረኝ።


ሎኬሽን ሱቅ

የሐዋሳ ልጅ ነኝ፣ ያለሁት ደቡብ አፍሪካ ነው። ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ሱቅ አለኝ። ከፊቴ የብረት ፍርግርግ፣ ከኋላዬ ትንሽ ቲቪ። የሰፈር ልጆች ለአንዲት ከረሜላ መጥተው ግማሽ ሰዓት ይቆማሉ። የመጡት ለከረሜላው አይደለም።

የዚህ አገሩ ታካላኒ ሰሳሚ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ነው የጀመረው። ታካላኒ በቬንዳ ቋንቋ ደስ ይበላችሁ እንደማለት ነው። የሰሳሚ ስትሪቱ ቀይ አሻንጉሊት ኤልሞ መጀመሪያ እዚህ ኔኖ ነበር ስሙ። በትልቁ ወፍ ቦታ ደግሞ ሞሼ የሚባል በሁለት እግሩ ቆሞ ግራ ቀኝ የሚያይ የበረሃ እንስሳ አለ። አንዱ በዙሉ ይጠይቃል፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ልክ የኔ ሱቅ ደጃፍ ማለት ነው። እኔም የነሱን ቋንቋ የለቃቀምኩት ከዚያና ከዱቤ ደብተሬ ነው።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ካሚ ነው። በ2002 ያስገቧት አሻንጉሊት ናት። ቀለሟ እንደ ሰናፍጭ ነው፣ አምስት ዓመቷ፣ እናቷ የሞተችባት፣ ኤችአይቪ በደሟ ያለ። በአሻንጉሊት! ሐዋሳ እኛ ስናድግ ስለ ኤችአይቪ ያየነው የራስ ቅል የተሳለበት ፖስተር ነው፣ ገና ከሩቁ ስናየው መንገድ እንቀይር ነበር። እዚህ ደግሞ ያው በሽታ ዥዋዥዌ ይጫወታል፣ ይስቃል፣ ይዘፍናል።

አንዲት ደንበኛ አለችኝ፣ የልጅ ልጆቿን የምታሳድግ አሮጊት። አንድ ቀን ትንሿን ልጅ ይዛ ስኳር ልትገዛ መጣች። ከፍርግርጉ ውጭ የቆሙት ልጆች ከልጅቷ ራቅ አሉ፣ አንዱም የሆነ ነገር አለ፣ እኔ አልሰማሁትም። አሮጊቷ ዞራ "ካሚስ?" አለቻቸው። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ዝም አሉ። አንዷ ቀስ ብላ መጥታ ከረሜላዋን በጥርሷ ለሁለት ሰብራ ግማሹን ሰጠቻት። እኔ ስኳሩን አንዴ መዝኜ እንደገና መዘንኩ፣ ምን እንደምሠራ ጠፍቶኝ።


የአቶቴዋ ሚስ

ጫልቱ ፀሐይን ባታነሺልኝ ኖሮ ተናድጄ ልገባ ነበር። ታዴ፣ መንደር የለንም ያለህ ማነው?

ፀሐይ መማር ትወዳለች እኮ የማንም ቅጂ አይደለችም። ብሩክታዊት ጥጋቡ ራሷ አስተማሪ ነበረች፣ ከባሏ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ነው የጀመረችው። ስድስት ዓመቷ የሆነ ቀጭኔ፣ ፍቅር የሚባል ታናሽ ወንድም ያላት፣ ከካልሲ የተሠራች። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፣ አባባ ተስፋዬ በተሰናበቱበት ዓመት። ብሩክታዊት በ2010 የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆናለች። ኦሮምኛን ጨምሮ በሌሎች ቋንቋዎቻችንም ተሠርታለች። እኔ ማስተማር ስጀምር የልጆች እጅ መታጠብ ጉዳይ አንድ ሺ ጊዜ ተናግሬ ያልሰሙኝን ፀሐይ አንዴ ስትለው በሰልፍ ቧንቧ ጋ ቆሙልኝ። ቅናት ያዘኝ፣ አልዋሽም።

ካልሲ ከሆነማ እኔም አያቅተኝም አልኩና የባሌን አሮጌ ካልሲ ወስጄ ቆሮሶ ሠራሁ። ሐዋሳ ስለሆንን ዓሣ ይሁን ብዬ ነው። ዓይኑ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ክንፉ የብስኩት ወረቀት። በጣም ኮርቼበት ክፍል ይዤው ገባሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ "ሚስ፣ ይጠበሳል?" የሚል ነው። ሁለተኛው ከባሰ ልጅ መጣ። አባቱ ሐይቅ ላይ ነው የሚሠሩት፣ እሱም ነገሩን ያውቀዋል። "ሚስ፣ ቆሮሶ ከውሃ ከወጣ ይሞታል። እንዴት ነው የሚያወራው?" አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ደነገጠ። አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ሮጬ ከኩሽና ሰማያዊ ሳፋ አመጣሁና ቆሮሶን ውስጡ ከተትኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያስተምረው ከሳፋ ውስጥ አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ነው። ውሃ የለውም ሳፋው፣ ግን ያ ልጅ በየጠዋቱ መጥቶ ያየዋል፣ "ደረቀ" ካለ አንድ ጣሳ አየር እጨምራለሁ።

ስለ ትልቁ ወፍ ከሆነ ደግሞ ሐዋሳ ፈረንጅ አታስቸግርም። አሞራ ገደል ሄዳችሁ አባ ኮዳን እዩት። ራሰ በራ፣ ረጅም፣ ኮት እንደለበሰ ጡረተኛ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚቆም፣ አንገቱ ላይ ኮዳው የተንጠለጠለ። ሰዎቹ ዓሣ ሲያጸዱ ከጎናቸው ቆሞ ድርሻውን ይጠብቃል፣ ካልሰጡት በአፉ ቋ ቋ ቋ ያደርጋል። ቁመቱ እስከ 1 ሜትር ተኩል ይደርሳል። ቢጫው ወደ 2 ሜትር ተኩል ነው ብትሉኝ፣ ያኛው ውስጡ ሰው አለ፣ የኛ እውነተኛ ነው። መልኩ አያምርም። ግን የሐዋሳ ልጅ ሁሉ አንዴ ዳቦውን ተቀምቶለታል፣ ከዚህ በላይ ዝምድና ከየት ይመጣል?


ሳሚ ዲሽ

ለአዳማ ከተፈቀደልኝ የጋሪ ፈረስ ይሁንልን። ባጃጅ ሥራውን የነጠቀው፣ ነፋሱ አሸዋ ዓይኑ ውስጥ የሚሞጅርበት፣ ቀኑን ሙሉ የሚነጫነጭ። ቆሻሻ ውስጥ የሚኖረው አረንጓዴው ነጭናጫ የሰሳሚ ስትሪቶቹ አይደል? የኛው ደግሞ የሣር ዋጋ ተወደደ እያለ ይነጫነጭ።


ታዴ ላይብረሪ

ሚስ፣ ተሸነፍኩ። "የለንም" ያልኩትን አንሻለሁ። ሰሊጡን ግን አላነሳም።


ቤቲ ከፍራንኮ

ኧረ እናንተ! ለወፍ ጥያቄ መጥቼ አስለቀሳችሁኝ። ሎኬሽን ሱቅ ወንድሜ፣ በሰላም ግባልን።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ታዴ እንዳለው "የፒኖ ዘመድ ነው" አልኩት። አሰበበት። "ታዲያ ለምን አይደውልለትም?" አለኝ። ልጅ መቼ በአንድ መልስ ይለቃል። የእህቴ ባል ሆላንድ ነው ያለው፣ በቪዲዮ ደወልንለት፣ እሱም ሳይሰለች ከልጁ አልጋ ላይ ሰማያዊውን ፒኖ አንስቶ ስልኩ ፊት አቆመው። እኔ ከዚህ ቢጫውን ያዝኩ። ልጁ ለሁለቱም ያወራል፣ ለቢጫው በአማርኛ፣ ለሰማያዊው በደችኛ፣ መልሱንም ራሱ እየተረጎመ ያደርስላቸዋል። ጫልቱ፣ አያትሽ ትዝ አሉኝ ሳላውቃቸው። መሀል ላይ ኔትወርክ ተቋረጠ፣ ፒኖ አፉን ከፍቶ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ልጁ ግን አልተረበሸም። "ሰላም ነው፣ አልታመመም፣ ቢጫነቱ የቤተሰብ ነው" ብሎ ለእናቴ አስረዳት። እሷም "ተመስገን፣ እኔ ደግሞ ዳማከሴ ላስፈልግለት ነበር" አለች። የወደቀውን ዓይኑንም በሸሚዝ ቁልፍ ተካችለት፣ ሚስ እንዳንቺ ቆሮሶ። ቁልፉ ግን ከሌላኛው ዓይን ይተልቃል፣ ሁልጊዜ የደነገጠ ይመስላል።

አሁን ደግሞ የአባ ኮዳን ወሬ አንብቤለት አብዷል። የፒኖ አያት ነው ብሎ ደምድሟል። ቅዳሜ በጠዋት ተነስተን ወደ ሐዋሳ ልንመጣ ነው፣ ቢጫውም አብሮ ይመጣል። ሚስ፣ የሚነክስ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪኝ።


የአቶቴዋ ሚስ

ኑ፣ እኔ ራሴ እወስዳችኋለሁ። አይነክስም። ቢጫውን ግን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት።